የጉድጓዱ ውሃና የምርምሩ ገንዘብ

በዚህ ዓምድ ስለ ቤተሰብ ገቢና ወጪ ብዙ ተነጋግረናል። ዛሬ ከቤታችን ራቅ ያለ ስለሚመስል ገንዘብ እንጨዋወት፤ ለምርምር ስለሚመደብ ገንዘብ። «ድሀው የሚበላው ሳይኖረው ለጥናት ሚሊዮን ማውጣት ምን ይባላል?» የሚሉ ወገኖች አሉ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ከመደርደሪያ ያልወረደ ጥናት ሞልቷል፤ አበል ተከፍሎበት፣ ስብሰባ ተደርጎበት፣ በፈረንጅ አፍ ታትሞ ገበሬው ሳይሰማው የቀረ ስንቱ ነው! ሆኖም ሁሉን በአንድ ሚዛን መስፈር ደግሞ ትክክል አይደለም። እስቲ ወደ አዊ እንሂድና በዳንግላ የሆነውን እንይ።

አስቀድመን አንድ ቃል እንፍታ። ተመራማሪዎች «የሥነ ምህዳር አገልግሎት» የሚሉት ነገር አለ። ስሙ ይከብዳል እንጂ ነገሩ የምናውቀው ነው። ዝናቡን ተቀብሎ ቀስ እያለ ወደ ምንጭ የሚያወርደው ተራራ፣ አፈሩን የሚይዘው ሣር፣ አበባውን የምትጎበኘው ንብ፣ ማገዶ የሚሰጠው ዛፍ፣ እነዚህ ሁሉ ለሰው ልጅ ያለ ደመወዝ ያገለግላሉ። እ.ኤ.አ. በ2005 ከ1,300 በላይ ባለሙያዎች ተሳትፈውበት የወጣ ዓለም አቀፍ ግምገማ ከመረመራቸው 24 አገልግሎቶች ውስጥ 15ቱ እየተበላሹ መሆናቸውን አስታወቀ። ጉዳቱ መጀመሪያ የሚደርሰው በማን ላይ ነው? ውሃ በቧንቧ፣ ምግብ በሱቅ በማያገኘው ላይ ነው። ሀብታሙ ምንጩ ቢደርቅ ውሃ ይገዛል፤ ድሀው ግን ምንጩ ሲደርቅበት ሌላ የለውም።

የእንግሊዝ መንግሥት ይህን መነሻ አድርጎ ከሁለት የምርምር ምክር ቤቶች ጋር ገንዘብ አሰባስቦ የሥነ ምህዳር አገልግሎት ለድህነት ቅነሳ የተባለ መርሐ ግብር ከፈተ። እ.ኤ.አ. እስከ 2018 በቆየባቸው ዓመታት ከ40 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ለምርምር አወጣ። አንዱ ፕሮጀክት የተራራ አገሮችን የሚመለከት ሲሆን ከፔሩ፣ ከኔፓልና ከኪርጊስታን ጋር የእኛም አገር ነበረችበት፤ ቦታው ከባሕር ዳር በስተ ደቡብ ያለው ደብረ ማዊ ነው። በዚያ ቦርቦር መሬቱን እየበላ ገበሬውን ስለሚያስጨንቅ የተመረጠበት ምክንያት ግልጽ ነው። እኛ ግን ትንሽ ወረድ ብለን ዳንግላ እንቁም፤ የቤተሰብን ነገር ይበልጥ የሚያሳየን እሱ ነው።

ዳንግላ ከባሕር ዳር ወደ ደቡብ ምዕራብ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በመኪና ወደ እንጅባራ ያለፈ ሰው አረንጓዴውን አገር አይቶ «እዚህማ ውሃ ምን ይቸግራል?» ሳይል አይቀርም። እውነትም ዝናቡ በዓመት 1,600 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ከዚህ ውስጥ ግን ከአሥር እጁ ዘጠኙ የሚወርደው ከግንቦት እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት ነው። የወረዳው ውሃ ከፊሉ በግልገል ዓባይ በኩል ወደ ጣና፣ ከፊሉ ወደ በለስ ይሄዳል። መጋቢትና ሚያዝያ ሲደርስ በእጅ የተቆፈሩት ጉድጓዶች ብዙዎቹ ይጎድላሉ፤ አንዳንዶቹም ጭራሽ ይደርቃሉ። ያን ጊዜ እንስራ አዝላ ወይም ጄሪካን ይዛ ርቃ የምትሄደው ማን እንደሆነች ለአንባቢዎቼ መንገር አያስፈልገኝም።

ምክንያቱ ከመሬቱ አሠራር ነው። ውሃው የሚጠራቀመው ከታች ካለው ጠንካራ ዐለት በላይ ባለው፣ በላላ አፈርና በተፈረካከሰ ድንጋይ ውስጥ ነው። ይህ ንጣፍ ስስ ነው። በክረምት ይሞላል፤ ዝናቡ ሲያቆም ተዳፋቱን ተከትሎ ወደ ወንዝ ይፈሳል። ስለዚህ ከላይ ከተረተሩ የተቆፈረው ጉድጓድ ቶሎ ይነጥፋል፤ ከታች ከሜዳው፣ ከወንዙ አጠገብ ያለው ግን በበጋም ይቆያል። ገበሬው ይህን በልምድ ያውቀዋል። የማያውቀው ምን ያህል ውሃ እንዳለና ሁሉም ጎረቤት ለመስኖ መቅዳት ቢጀምር ይበቃ እንደሆነ ነው። ይህን መለኪያ ካልሆነ ዓይን አይነግርም።

እዚህ ላይ ሌላ የምርምር ገንዘብ ገባ። ከላይ ያልናቸው የእንግሊዝ ተቋማት የከርሰ ምድር ውሃን ለድሆች ጥቅም ለማዋል ወደ 12 ሚሊዮን ፓውንድ የሚሆን ሌላ መርሐ ግብር እ.ኤ.አ. በ2013 ጀመሩ። የኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ከዓለም አቀፉ የውሃ አስተዳደር ተቋምና ከሌሎች ጋር ሆነው ከዚህ መጠነኛ መነሻ ገንዘብ አገኙና ወደ ዳንግላ፣ ዳንግሽታ ወደምትባለው ቀበሌ መጡ።

በዚህ ሥራ ደስ ያሰኘኝ አካሄዳቸው ነው። ነዋሪውን ሰብስበው መለኪያዎቹ የት እንደሚቀመጡና ማን እንደሚይዛቸው አብረው ወሰኑ። እ.ኤ.አ. ከ2014 መጀመሪያ አንሥቶ የመንደሩ ሰዎች ራሳቸው መመዝገብ ጀመሩ። ዝናቡ በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት ይለካል። የወንዙ ከፍታ ንጋት 12 ሰዓትና ምሽት 12 ሰዓት ይነበባል። አምስት ጉድጓዶች ደግሞ በየሁለት ቀኑ ጥልቀታቸው ይታያል። የተጻፈው በየወሩ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ይሰጥና እዚያ ወደ ኮምፒውተር ይገባል። በቃ፣ ይኸው ነው! ሳተላይት የለ፣ ከባድ መሣሪያ የለ።

«ገበሬ የመዘገበው ቁጥር ይታመናል?» ብሎ የሚጠራጠር ነበር። ዴቪድ ዎከርና ባልደረቦቹ መዝገቡን ከመንግሥት ጣቢያዎችና ከሳተላይት መረጃ ጋር አስተያይተው እ.ኤ.አ. በ2016 በአንድ የውሃ ሳይንስ መጽሔት ላይ ውጤቱን አወጡ። የመንደሩ ሰዎች መረጃ ከመደበኛ ጣቢያዎቹ መረጃ የማያንስ፣ እንዲያውም አንዳንድ ቦታ የሚሻል ሆኖ ተገኘ። ሳተላይቱ የአንድን መንደር ዝናብ ከሩቅ ሆኖ ሲገምት፣ ጓሮው መለኪያ ያለው ሰው ግን የወረደውን ይለካል። ይህን ያነበበ ሰው «ገበሬው አያውቅም፤ እናስተምረው» የሚለውን ንግግር ደግሞ አይናገርም ብዬ አስባለሁ።

የገንዘቡ ነገር ግን እንዲህ ሆነ። መርሐ ግብሩ በመጀመሪያው ዙር ለአሥራ አምስት ትንንሽ ጥናቶች አጭር ገንዘብ ሰጠ፤ በሁለተኛው ዙር ለአምስት ትልልቅ ጥናቶች ብቻ ረጅሙን ገንዘብ ፈቀደ። የዳንግላው ከአምስቱ ውስጥ አልነበረም። ከአምስቱ ሁለቱ በኢትዮጵያ ሌሎች ቦታዎች ሠርተዋል፤ ይህን እንደ በደል አልቆጥረውም። ነገር ግን የውሃ ጥናት በአንድ ዓመት አያልቅም። አንዱ ክረምት ይበዛል፣ አንዱ ያንሳል፤ ቢያንስ ጥቂት ዓመታት ካልተከታተሉት ምንም ማለት አይቻልም። ለምርምር ገንዘብ የሚሰጡ ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ትልቅ ገንዘብ በአጭር ጊዜ ከመበተን ትንሽ ገንዘብ ለረጅም ጊዜ መስጠት ለድሀው ይሻላል። የዳንግሽታ ሰዎች የመነሻው ገንዘብ ጊዜው ካለፈ በኋላም መመዝገባቸውን ቀጠሉ፤ ከዚያ በኋላ ስለ አካባቢው የከርሰ ምድር ውሃ የወጡት ጥናቶች በዚህ መዝገብ ላይ የቆሙ ናቸው።

በዚያው ቀበሌ የአሜሪካ መንግሥት ገንዘብም ሠርቷል። በቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ የሚመራ የአነስተኛ መስኖ ምርምር ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲና ከሌሎች ተቋማት ጋር ሆኖ ለቤተሰቦች የውሃ መሳቢያ አቀረበ፤ መዘውርና የገመድና ዋሸር ፓምፕ። ጓሮ ውስጥ የጠብታ መስኖ ተዘረጋ፤ አፈሩ ሳይገለበጥ በጉዝጓዝ ተሸፈነ፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ተተከለ። ጉዝጓዙ ፀሐይ እርጥበቱን እንዳትወስደው ስለሚከለክል አትክልቱ በትንሽ ውሃ ደኅና ምርት ሰጠ። ይህ ዕውቀት ገንዘብ አይጠይቅም፤ ገለባ ያለው ሁሉ ሊሞክረው ይችላል። ከብት ያለው ቤት ግን ገለባውን ለመኖ ይፈልገዋልና ባልና ሚስት አስቀድመው ይነጋገሩበት።

ስለ ባልና ሚስት ካነሣሁ አይቀር፣ በእጅ ውሃ መሳብ ከባድ ሥራ ነው። ጓሮው ለሚስት «ገቢ» ተብሎ ሲሰጥ፣ ቀድሞ ለመጠጥ የምትቀዳው ውሃ ላይ የአትክልቱ ከተጨመረባት፣ በወረቀት ላይ «ተጠቃሚ» የተባለችው ሴት በወገቧ የምትከፍለው ዕዳ ገባች ማለት ነው። ሽንኩርቱን ገበያ ወስዶ ብሩን የሚቀበለው ማን ነው? ልጆቹ ከትምህርት ቤት ቀርተው ነው ወይ የሚስቡት? ጥሩ ጥናት እነዚህንም ይጠይቃል። የጥናቱ ሰው ባይጠይቅ እንኳ እኛ በቤታችን መጠያየቅ እንችላለን።

ሌላው የጎረቤት ነገር ነው። ሞተር ያለው ሰው ከስሱ ንጣፍ ብዙ ሲስብ የታችኛው ጉድጓድ ቢጎድል ጠብ ይነሣል። የይስሐቅ እረኞችና የጌራራ እረኞች በጉድጓድ የተጣሉበትን ታሪክ የምታውቁ አንባቢዎች ነገሩ ዛሬ የተጀመረ አለመሆኑን ታውቃላችሁ። መዝገብ ሲኖር ግን ክርክሩ በቁጥር ይሆናል።

ከዳንግላ ሳንርቅ ወደ እንጅባራ አካባቢ፣ ወደ ፋግታ ለኮማ እንለፍ። እዚያ ገበሬው የምርምር ገንዘብ ሳይጠብቅ ኑሮውን የለወጠበት ዛፍ አለ፤ ዲከረንስ የሚባለው ከውጭ የመጣ ግራር። በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር ይተከላል፤ ቀጥሎ ሣር ይታጨድበታል፤ በአራትና በአምስት ዓመቱ ተቆርጦ ከሰል ይሆንና እስከ አዲስ አበባ ይጫናል። በአሲድ የተጎዳ፣ እህል እምቢ ያለ መሬት ብር አወጣ፤ ብዙ ቤት ቆርቆሮ ለበሰ። በቅርብ ዓመታት ግን ዋግ የሚመስል የፈንገስ በሽታ ገብቶ ዛፉን እያደረቀ ብዙ ቤተሰብ አስለቀሰ። አገር ሙሉ በአንድ ዛፍ ላይ ሲደገፍ እንዲህ ያለ አደጋ አለ። ይህን ደግሞ ገበሬው በብርታቱ ብቻ የሚወጣው አይደለም፤ ዘሩን የሚመረምር፣ በሽታውን የሚቋቋመውን የሚለይ ላቦራቶሪና ዓመታት የሚወስድ ሙከራ ያስፈልጋል። «ጥናት ለምኔ» ለሚል ሰው የምመልሰው መልስ ቢኖር ይህ ነው።

አሁን ደግሞ ገንዘቡ ራሱ እየነጠፈ ነው። የእንግሊዝ የልማት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2020 ከውጭ ጉዳዩ ጋር ተዋሐደ፤ በ2021 የእርዳታው መጠን ከአገሪቱ ገቢ ከ0.7 ወደ 0.5 በመቶ ወረደ፤ በ2025 ደግሞ እስከ 2027 ወደ 0.3 በመቶ እንደሚወርድ ተነገረ። የአሜሪካው የልማት ድርጅት በ2025 ተዘጋ። በክልሉ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የተነሣው ግጭትም የጥናት ሰው እንደ ልቡ እንዳይንቀሳቀስ አድርጓል። ባሕር ዳርና እንጅባራ ዩኒቨርሲቲዎች አሉን፤ የተማሩ ልጆች አሉን፤ የጎደለው ለረጅም ዓመት የሚዘልቅ የራስ በጀት ነው። በእኔ ግምት ለአንድ ቀበሌ የዝናብና የጉድጓድ መዝገብ የሚያስፈልገው ገንዘብ ለአንድ ትልቅ ስብሰባ ከሚወጣው አይበልጥም።

ጉድጓድ ያላችሁ አንባቢዎች፣ ገንዘቡ እስኪመጣ መጠበቅ የለባችሁም። ጫፉ ላይ ድንጋይ የታሰረበት ገመድ በየግማሽ ሜትሩ ቋጠሮ አድርጉለት። ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ፣ ከጉድጓዱ አፍ ለኩ፤ ከመቅዳታችሁ በፊት፣ ማለዳ ይሁን። ገመዱ ንጹሕ ይሁን፤ የምትጠጡት ውሃ ነውና። ቀኑንና ልኩን በደብተር ጻፉ፤ በሳምንት አንድ ቀንም ይበቃል። አንድ በጋ ካለፈ በኋላ በመስከረም ስንት ሜትር ላይ እንደነበረ፣ በሚያዝያ ስንት እንደደረሰ ታያላችሁ። ሽንኩርቱን ስንት መደብ እንደምትተክሉ ከዚያ ወስኑ። የጥናት ሰው ደጃችሁ ቢመጣም ደብተሩን አሳዩት፤ ቅጂ ልውሰድ ካለ፣ ውጤቱን በአማርኛ ወይም በአውኚ መቼ እንደሚመልስላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁት።