ከአፈሙዝ የወጣስ?

ስሟን ልብ በሉልኝማ፤ ዱርቤቴ። ከባሕር ዳር ወደ ዳንግላ ስትጓዙ የምታገኟት የደቡብ አቸፈር ከተማ ናት። በአማርኛችን "ዱር ቤቴ አለ" የሚባለው ደግሞ ጠመንጃውን ይዞ ጫካ የገባ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ስም በተሸከመ አገር የጠመንጃ ወሬ አይጠፋም። የማን አያት ምንሽር እንደነበረው፣ የትኛው ብረት "አይስትም" እንደሚባል ስትሰሙ ትውላላችሁ። ስለ ጥይቱ ግን የሚነሳው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ "ስንት አለህ?"

የዛሬው ጠቤ ከዚህች ጥያቄ ጋር ነው። "ሴት ልጅን ከጥይት ጋር ምን አገናኛት?" የምትሉ ካላችሁ ትንሽ ታገሡኝ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ጦርነት ባደቀቀው ክልል ስለ ጥይት መጻፍ እንደማይቀልም አውቃለሁ። እኔ የማወራው ስለ አዳኝ ጥይት ነው።

መቁጠሩ ከታሪክ የመጣ ይመስለኛል። በአፄ ምኒልክ ዘመን በአንዳንድ ገበያዎች የውጅግራ ጥይት እንደ ዝርዝር ገንዘብ ያገለግል ነበር። ገንዘብ ደግሞ ይቆጠራል እንጂ አይሞከርም። የቁጥር ነገር የት እንደሚያደርስ በ1928 ዓ.ም. አየነው፤ ሠራዊታችን የያዘው ጠመንጃ ዓይነቱ ስለበዛ ለእያንዳንዱ የሚገጥመውን ጥይት ማዳረስ ራሱን የቻለ ፈተና ሆነ። የማይገጥም ጥይት ዝናር ሙሉ ቢኖር ለጌጥ ነው።

ለአዳኝም ያው ነው። "7.62 ነው" ማለት መልስ አይደለም። የክላሹ ቀለህ 39 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፣ የኔቶው 51፣ የድሮው የሩሲያ ጠመንጃ ደግሞ 54። የቤልጅጉ ምንሽር ጭራሽ 7.92 ነው።

ልኩ ቢገጥምም ገና ነው። አንድ ጠመንጃ የአንዱን ፋብሪካ ጥይት በጡጫ በምትሸፈን ቦታ ላይ ይሰበስብና የሌላውን፣ ልኩ ያው ሆኖ ሳለ፣ ይበትነዋል። በአፈሙዙ ውስጥ ያለው ጠመዝማዛ ቦይ አረሩን ያሾረዋል፤ አረሩ በረዘመ ቁጥር ፈጠን ያለ ሽክርክሪት ይፈልጋል። ሙቀትና እርጥበት ሲፈራረቅበት የኖረ ባሩድም በየጊዜው እኩል ጉልበት አይሰጥም። ስለዚህ "ጥሩ ጥይት የቱ ነው?" ለሚለው መልሱ ያለው ወረቀት ላይ ነው። ከአንድ ፋብሪካ በአንድ ጊዜ የወጡ ጥይቶችን ይዞ፣ ጠመንጃውን አስደግፎ፣ 100 ሜትር ላይ የቆመ ወረቀት መምታት። ከዚያ የተቀራረበውን መምረጥና ማነጣጠሪያውን ለእሱ ማስተካከል።

ሌላም አለ፤ የጦር ጥይት የአደን ጥይት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1899 የወጣው የሄግ መግለጫ ሰውነት ውስጥ ገብቶ የሚከፈት ጥይትን በጦርነት ላይ ከልክሏል። አደን ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። አጋዘንን የመሰለ እንስሳ የሚከፈት አረር በትክክለኛው ቦታ ከመታው ቶሎ ይወድቃል። ሙሉ በሙሉ በብረት የተሸፈነው የጦር ጥይት ግን በስቶት ሊያልፍ ይችላል፤ እንስሳው ቆስሎ ይሸሽና አንድ ቁጥቋጦ ሥር ሲማቅቅ ከርሞ ይሞታል። ሥጋውም አልተበላ፣ ነፍሱም አላረፈች።

"ጥይት ውድ ነው፤ ማን ወረቀት ላይ ያባክናል?" የሚል ይኖራል። ደግ! ታዲያ ሰርግ ላይ ወደ ሰማይ የሚረጨውስ? እሱን ማንም ሲቆጥር አላየሁም። እኛ ከተሜዎቹም በስልካችን እየቀረጽን እናጨበጭባለን። ወደ ላይ የወጣ ይወርዳል፤ በማን ጣሪያ፣ በማን አናት ላይ እንደሚያርፍ ግን ተኳሹ አያውቅም። ሦስት ጥይት ለወረቀት የሚሰስት እጅ ሠላሳውን ለደመና ሲበትን ችግሩ የብር አይመስለኝም።

ሕግ አለን። መሣሪያ ለመያዝ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ለማደንም ሌላ ፈቃድ አለ። ፈቃዱ ግን ጥይቱ የት እንደሚያርፍ አይናገርም። ያንን ማወቅ ያለበት ቃታ የሚስበው ሰው ነው። እኛን ጋዜጠኝነት ሲያስተምሩን ሳታረጋግጡ አትጻፉ ብለውናል፤ የተሳሳተ ዜና ግን ቢያንስ ማስተባበያ አለው።

አበው ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላሉ። ከአፈሙዝ የወጣስ? እንግዲህ በሚቀጥለው ጊዜ አንዱ በጥይቱ ሲፎክርባችሁ "ስንት አለህ?" አትበሉት። "የት ነው የሚያርፈው?" በሉት።