የራሳችን ፊልም የቱ ነው?

ሰው በዕድሜው ብዙ ፊልም ይመለከታል። «ይህ የኔ ነው» ብሎ በልቡ የሚያኖረው ግን አንድ ወይም ሁለት ቢሆን ነው። የደሴና የኮምቦልቻ ተማሪዎች ስለ ፊልም ሲከራከሩ ያዳመጠ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ አንዱ የወደደውን ፊልም ሌላው ቢነቅፍበት ዘመዱ የተሰደበበት ያህል ይቈጣል። ፊልሙን የሠሩት ሰዎች አያውቁትም፤ እሱም አያውቃቸውም። ታዲያ ይህ ዝምድና ከየት መጣ? ነገሩ ተራ ጨዋታ ቢመስልም በተለይ ለወሎ ልጅ የሚያስተምረው ስላለ ልንመረምረው ወደድን።

ሲኒማ ወደ አገራችን በገባ ጊዜ አባቶቻችን በአዲስ አበባ የነበረውን ማሳያ «የሰይጣን ቤት» ብለውት ነበር። ስሙ ዛሬ ቢያስቀንም የያዘው እውነት አለ፤ ፊልም ሳያስፈቅድ ወደ ሰው ልብ የሚገባ ነገር ነው። አሁንማ ሲኒማ ቤት መሄድ እንኳ አያስፈልግም። ወጣቱ ከደሴ ተነሥቶ የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁል ወርዶ ኮምቦልቻ እስኪደርስ ድረስ በእጅ ስልኩ የአንድ ፊልም እኩሌታ ይመለከታል።

በከተሞቻችን እጅግ ከተወደዱት ፊልሞች መካከል የሕንድ ፊልም ዋናው እንደ ነበር የታወቀ ነው። ለምሳሌ መሕቡብ ኻን የተባለው የሕንድ ፊልም አዘጋጅ በ1950 ዓ.ም. ያወጣውን «ማዘር ኢንዲያ»ን እንውሰድ። ራዳ የምትባል የገበሬ ሚስት ባሏ ጥሏት ይሄዳል፤ ጎርፍ አዝመራዋን ይወስድባታል፤ ልጆቿ ይራባሉ፤ አራጣ አበዳሪው በችግሯ ገብቶ ክብሯን ሊገዛ ይሞክራል። እርሷ ግን እንቢ ብላ በሬ በሌለበት ራሷ ሞፈር እየጐተተች ታርሳለች። በመጨረሻም የሰው ልጅ በግፍ ይዞ ሊሄድ የተነሣውን የገዛ ልጇን፣ የመንደሩ ክብር እንዳይደፈር ብላ፣ ራሷ ተኩሳ ትገድለዋለች።

ይህን የሚያይ የወሎ ሰው ሕንድኛ አያውቅም፤ የሕንድንም ምድር አልረገጠም። ነገር ግን ጎርፉንም፣ ዕዳውንም፣ ልጆቿን ይዛ የቀረችውንም እናት ያውቃቸዋል። ስለዚህ ሲያለቅስ የሚያለቅሰው ለራዳ ብቻ አይደለም፤ ለአክስቱም፣ ለጎረቤቱም ነው። አንድ ፊልም የራሳችን የሚሆነው እኛ ከቤታችን ይዘን የሄድነው ነገር በውስጡ ቦታ ሲያገኝ ይመስለናል።

አሁን ደግሞ በራሳችን ምድር ስለ ተነሡት ፊልሞች እናስብ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በወሎ ያዘጋጀው የረሃብ ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን ታየ፤ ተሸሽጎ የነበረውንም እልቂት ለዓለም ገለጠ። የዚሁ ፊልም ሥዕሎች ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር እየተፈራረቁ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታዩ፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ደግሞ ኬንያዊው ካሜራ አንሺ ሞሐመድ አሚንና የቢቢሲው ማይክል በርክ በጊዜው በወሎ ክፍለ ሀገር ከነበረችው ከቆረም ያቀረቡት ዜና የብዙ አገር ሕዝብ አስለቀሰ። እነዚህ ሥራዎች እርዳታ አስገኝተዋል፤ የብዙ ሰው ነፍስም አትርፈዋል፤ ይህን መካድ ውለታ ቢስነት ነው።

የሆነ ሆኖ፣ የወሎ ልጅ ከእነዚህ አንዱን «የኔ ፊልም» ብሎ ሲወድ አልሰማንም። ምክንያቱ ረሃብን ማሳየታቸው ነው የሚል ይኖር ይሆናል። እኛ ግን አይመስለንም፤ ራዳም እኮ ተርባለች። ልዩነቱ ራዳ ስም ያላት፣ የምትቈጣ፣ የምትመርጥ፣ ስትበድልም ስትክስም የምትታይ ሰው መሆኗ ነው። በዜናው ላይ ያለፈችው የወሎ እናት ግን ባለፈው ዓመት ምን ዘርታ እንደ ነበር፣ ማንን እንደ ዳረች፣ በምን እንደምትስቅ አልታየልንም። የዜና ጊዜው አጭር፣ ሥራውም አስቸኳይ ነውና በጋዜጠኛው አንፈርድበትም። ነገር ግን ለማናውቀው ችግረኛ እናዝንለታለን እንጂ አንዛመደውም። የሚያሳዝነው ደግሞ ዓለም ወሎን ለብዙ ዘመን ያወቃት በዚያው አጭር ሥዕል መሆኑ ነው።

የፊልም ፍቅር ሥራ ፈትነት ነው፤ ወጣቱ የጠጉር አቈራረጥና የባዕድ አነጋገር ከመቅዳት በቀር ያተረፈው የለም የሚሉ ታላላቆች አሉ። በከፊል ልክ ናቸው። ፊልሙን ወዶ ለምን እንደ ወደደው ያልጠየቀ ሰው ከላይ ያለውን ልብስ ብቻ ይቀዳል። የጠየቀ ግን ራሱን ያውቃል፤ ራሱን ያወቀም አንድ ቀን የራሱን ለመሥራት ይነሣል።

ወሎ ለዚህ አዲስ አይደለችም። ከአራቱ የዜማ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ ስማቸው የወሎ ነው። ባቲን በዓይኑ ያላየ የጎጃም ወይም የሐረር ሰው ዜማውን ሰምቶ «ይህ የኔ ትካዜ ነው» ይላል። ፊልምም ቢሆን ከአገር ቤት ተነሥቶ ሩቅ መድረስ እንደሚችል ኃይሌ ገሪማ አሳይቶናል። «ጤዛ» የተባለው ፊልሙ በ2000 ዓ.ም. በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማት፣ በ2001 ዓ.ም. በዋጋዱጉ ታላቁን ሽልማት አግኝቷል። ጀርመን አገር ተምሮ ወደ ትውልድ መንደሩ የተመለሰው አንበርብር «ትምህርቴ ለወገኔ ምን ጠቀመ?» እያለ ሲጨነቅ ያየ የተማረ ወጣት ሁሉ ጥያቄው ወደ ራሱ የተወረወረ ይመስለዋል።

ስለዚህ በደሴም በኮምቦልቻም ግቢ ለምትማሩ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የምንለው አለን። በፈረቃ ወጥታ በሌሊት ወደ ቤቷ የምትገባው የኮምቦልቻ ፋብሪካ ሠራተኛ፣ እስላምና ክርስቲያን በአንድ ቤት አብረው የሚያሳልፉት በዓል፣ በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ቤቱን ጥሎ የተሰደደውና ተመልሶ ሱቁን የጠገነው ነጋዴ ፊልም ይጠብቃሉ። ስታነሡአቸው ግን ስማቸውን፣ ቀልዳቸውንና ውሳኔያቸውን አትርሱ።

በቢሮ ለተቀመጣችሁ ወጣት ሠራተኞችም ነገሩ ሩቅ አይደለም። ከጠረጴዛችሁ ፊት የቆመውን ባለጉዳይ በማመልከቻው ቍጥር ብቻ የምታዩት ከሆነ፣ ያ አጭር ሥዕል ወሎን እንዳየ አያችሁት ማለት ነው። እርሱም የመጣበት መንገድ፣ ያስቸገረው ነገርና የራሱ አሳብ አለው።

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ዛሬ እሑድ ነውና ጊዜ አለህ። የምትወደውን ፊልም ስም በወረቀት ጻፍ፤ ከሥሩም ልብህን የነካው የትኛው ቦታ እንደ ሆነ አስፍር። ምናልባት የገዛ ቤትህን ታሪክ ጽፈህ ታገኘዋለህ። ያን ታሪክ አንተ ካላነሣኸው፣ ነገ አላፊ አግዳሚ እንደ ገባው አድርጎ ያነሣዋል።