ስንት ያቀርባል?

መነጽሬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ በወጣሁ ቁጥር የሚጠብቀኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ «ስንት ያቀርባል?» የታክሲ ረዳቱ ይጠይቀኛል። የጥበቃ ሠራተኛው ይጠይቀኛል። ሌላው ቀርቶ ስለ አንዲት ቃል ተገቢነት ሌሊቱን ሲከራከሩ የሚያድሩት የግጥም ወዳጆቼ እንኳ ከዚህች የተሻለ ጥያቄ አጥተው እሷኑ ይደግሙልኛል። «ስምንት ጊዜ» ብዬ ስመልስ ከንፈር ይመጠጥልኛል። «የአክስቴ ልጅ እኮ ሃያ የሚያቀርብ አለው!» ይሉኛል። እኔም ለአክስታቸው ልጅ ከልቤ አዝናለሁ።

ውድ አንባቢያን፣ የዛሬው ጠቤ ከዚህች ጥያቄ ጋር ነው። ለወሬ ያህል የምትጠየቅ ተራ ጥያቄ ትመስላለች፤ ግን ሻጩን ሐሰተኛ፣ ገዢውን ተላላ የምታደርግ እሷ ናት። በእኔ ቤት ደግሞ ከዚያም የከፋ ሥራ ሠርታለች።

አባቴ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። በልጅነቴ ከትምህርት ቤት አብረን ስንመለስ ድንገት ቆም ብለው ክንዴን ይይዙና ዛፍ ላይ ያለች ወፍ ያሳዩኝ ነበር፤ እኔ ቅጠል ብቻ ሲታየኝ እሳቸው የደረቷን ቀለም ይነግሩኛል። ሥራ ይዤ ጥቂት ገንዘብ ስቋጥር «ለአባቴ ምን ልግዛ?» ብዬ አሰብሁና መርካቶ ወርጄ አንድ መነጽር ገዛሁ። ጀርባው ላይ 20×50 የሚል ተጽፎበታል፤ የፊት መስተዋቶቹ እንደ ቀይ ፈርጥ ያብረቀርቃሉ። ሻጩን ምን ብዬ እንደ ጠየቅሁት መናገር አያሻኝም።

በሳምንቱ እሑድ በአምቦ መንገድ ገፈርሳ ሄድን። ከውኃው ማዶ፣ ሣሩ ላይ፣ በአገራችን ደጋ ብቻ የሚገኙት ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይዎች ተበትነው ይግጣሉ። አባቴ መነጽሩን ዓይናቸው ላይ አደረጉ። ቆዩ። ቀለበቱን ወዲህ አዞሩ፣ ወዲያ አዞሩ፤ ክርናቸውን ደረታቸው ላይ አስደግፈው ደግመው ሞከሩ። በመጨረሻ አወረዱትና በመሐረባቸው ወልውለው በሁለት እጃቸው መለሱልኝ። «ግሩም ዕቃ ነው፤ እግዜር ይስጥህ። የኔ ዓይን ነው እንጂ… አለቀለት» አሉ። እስከ ቤት ድረስ ሌላ ነገር አልተናገሩም። የዓይን ሐኪም ዘንድ ወስጃቸው፣ ዕድሜ ካመጣው ከጥቂቱ በቀር ደኅና መሆናቸው ከተነገራቸው በኋላ እንኳ ያን መነጽር ዳግመኛ አልነኩትም።

ንዴቴ እዚህ ላይ ነው። ብዕር ቀለም ቢያንጠባጥብ ብዕሩን እንወቅሳለን፤ ጫማ ቢልጠን ጫማውን እንረግማለን። መጥፎ መነጽር ግን የሚያስወቅሰው ባለቤቱን ነው። ሰው «አልታየኝም» ይላል እንጂ «አላሳየኝም» አይልም።

ቀን ሙሉ ከቁጥር ጋር የምውል ሰው ሆኜ ሳለሁ ሒሳቡን ቁጭ ብዬ የሠራሁት ገንዘቤ ከሄደ በኋላ ነው። በመነጽር ላይ የሚጻፉት ቁጥሮች ሁለት ናቸው። የፊተኛው ስንት ጊዜ እንደሚያቀርብ ይናገራል። የኋለኛው፣ ማንም የማይጠይቀው ምስኪን፣ የፊት ሌንሱን ስፋት በሚሊ ሜትር ይናገራል። የኋለኛውን ለፊተኛው ስናካፍል ከመነጽሩ ወጥቶ ወደ ዓይናችን የሚገባውን የብርሃን ክብ ስፋት እናገኛለን። 50 ለ20 ሲካፈል 2.5 ሚሊ ሜትር ነው። 42 ለ8 ሲካፈል 5.25 ነው። በቀትር ፀሐይ የዓይናችን ብሌን ራሷ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ስለምትጠብ ልዩነቱ እምብዛም ላይታወቅ ይችላል። ነገር ግን ወፍ የሚታየው መቼ ነው? ማለዳና አመሻሽ ላይ፣ በዛፍ ጥላ ውስጥ፣ በደመና ቀን አይደለምን? ያን ጊዜ ብሌናችን ብርሃን ፍለጋ ትከፈታለች፤ ቀጭኑ ክብ ግን አይሞላትም፤ ምስሉም ይጨልማል። ደግሞም ክቡ በጠበበ መጠን ዓይንን ልክ መሐሉ ላይ ማቆም ያስፈልጋል፤ ጥቂት ፈቀቅ ያሉ እንደሆነ ጥቁር ጥላ መጥቶ ይጋርዳል። አባቴ ያን ቀለበት ወዲህና ወዲያ ሲያዞሩ የቆዩት ይህን ጥላ ሲያሳድዱ ነበር።

በዚህ ላይ መንቀጥቀጡ አለ። ሃያ ጊዜ የሚያቀርብ መነጽር የእጅንም መንቀጥቀጥ ሃያ ጊዜ ያጎላዋል። የጎበዝ እጅም ቢሆን ይንቀጠቀጣል፤ የልብ ትርታና ትንፋሽ ብቻ ይበቃሉ። ከ10 በላይ የሚያቀርብ መነጽር ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ካልተደረገለት በቀር ዝይውን የውኃ ላይ ነጸብራቅ ያስመስለዋል። ስፋቱንም እንጨምር፤ ደኅና ባለ 8 መነጽር አንድ ሺሕ ሜትር ርቀት ላይ 130 ሜትር ያህል ስፋት ያለው መስክ ሲያሳይ፣ ባለ 20ው የዚያን ግማሽ እንኳ አያሳይም። ወፏን በዚያች ቀዳዳ ፈልጎ እስኪያገኛት ድረስ እሷ ሌላ ቀበሌ ገብታለች።

የእኔው 20×50 ደግሞ ቁጥሩም ሐሰት ነበር። ኋላ በማስመሪያ ስለካው «50» የተባለው ሌንስ 40 እንኳ አልሞላም። ያ እንደ ፈርጥ ያማለለኝ ቀይ ማብረቅረቅስ? መስተዋቱ ቀዩን ብርሃን ወደ ውጭ እየመለሰው ነው! ወደ ዓይናችን መግባት የነበረበትን ብርሃን ለአላፊ አግዳሚው ያድላል፤ ለእኛ የሚተርፈን አረንጓዴ የተቀባ ዓለም ነው። «ከ10 እስከ 30፣ እንደ ፍላጎትዎ» እየተባለ ስለሚሸጠው አሳዳጊና አሳናሽ መነጽር ብዙ አልናገርም፤ በሁለቱም ጫፍ ደካማ ነው። መቶ ጊዜ አቀርባለሁ ስለሚለው ስልክማ ዝም ልበል፤ ያ ያነሳውን እያሰፋ የጎደለውን በግምት የሚሞላ ነው፤ እንዲህ ያለውን ሥራ እኛም ገጣሚዎች አናጣውም።

እንግዲህ ገዢ ምን ይጠይቅ? መርካቶም ይሁን ዘመድ ከዱባይ ያመጣው፣ መነጽሩን ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ያዙትና ወደ ብሩህ ሰማይ አቅኑት (ወደ ፀሐይ ግን በፍጹም!)። በዓይን መስተዋቶቹ መሐል ሁለት ትናንሽ የብርሃን ክቦች ይታያሉ። እስከ ጠርዛቸው ድረስ ክብና ብሩህ ከሆኑ መልካም፤ ጠርዛቸው ግራጫ ሆኖ እንደ አራት ማዕዘን የተቆረጡ ከመሰሉ የውስጡ ፕሪዝም ርካሽ ነውና መልሱት። ቀጥሎ ከሱቁ በር ላይ ሆናችሁ ማዶ ያለ የሱቅ ሰሌዳ አንብቡ። ጥቂት ቆይታችሁ ዓይናችሁን የሚጎትት፣ ግንባራችሁን የሚወጥር ስሜት ከመጣ ሁለቱ ቱቦዎች አንድ ቦታ አያዩም ማለት ነው፤ ይህ ሕመም በልምድ አይድንም። ሰውን አስቸግሮ የሚቀረው ግን የቀኙ ቀለበት ነው። ቀኙን ሸፍናችሁ በግራ ዓይን ብቻ እያያችሁ የመሐሉን ጎማ ታስተካክላላችሁ፤ ከዚያ ግራውን ሸፍናችሁ በቀኝ ዓይን እያያችሁ የቀኙን ቀለበት ብቻ ታዞራላችሁ። የሁለት ዓይን ኃይል እኩል አይደለምና መነጽሩ ከባለቤቱ ጋር የሚተዋወቀው በዚያች ቀለበት ነው። ለአባቴ ማንም አላሳያቸውም፤ እኔም አላውቃትም ነበር።

እንደ እኔ የዓይን መነጽር የምታደርጉ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለባችሁ። ዓይን ከመስተዋቱ 15 ወይም 16 ሚሊ ሜትር ያህል ርቆ ሙሉውን ምስል ማየት ካልቻለ፣ በቁልፍ ቀዳዳ እንደሚያጮልቅ ሰው ሆናችሁ ትቀራላችሁ። የላስቲኩን ከንፈር አጥፋችሁ ሞክሩት፤ ሻጩ ቢቸኩል አትቸኩሉ። ገንዘብ ለሚያጥረን (እኔም አለሁበት) የድሮው ቅርጽ፣ ትከሻው ሰፊ፣ የፊት ሌንሶቹ ከዓይን መስተዋቶቹ ይልቅ የተራራቁት ይሻላል፤ በአንድ ዋጋ ቀጥ ካለው ዘመናዊ ቱቦ የጠራ ያሳያል፣ ዝናብ አይችልም እንጂ። 8×42 ለሁሉ የሚሆን ነው፤ ክብደት ለሚጠላ 8×32። ሜዳ ላይ ጭልፊት የሚከተል ሰው 10×42 ቢመርጥ አልጣላውም።

አሁን ወደ ስሙ ልምጣ፤ የጥያቄዋ እናት እሱ ይመስለኛልና። «የጦር ሜዳ መነጽር» እንላለን። «መነጽር» ራሱ ንጹሕ ቃል ነው፤ «ነጸረ» ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ፣ መመልከቻ ማለት ነው። ጦር ሜዳውን የለጠፍንበት ያለ ምክንያት አይደለም። ጣሊያናዊው ኢግናዚዮ ፖሮ የፕሪዝሙን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1854 በስሙ አስመዘገበ፤ የጀርመኑ ዘይስ እ.ኤ.አ. በ1894፣ ከዐድዋ ድል ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ለገበያ አወጣው፤ ከዋነኞቹ ገዢዎች መካከልም ሠራዊቶች ነበሩ። እኛም ያየነው በመኮንን አንገት ላይ ነው። ግን በጦር ሜዳ ስም የሚምል ሁሉ ይህን ይስማ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእግረኛው መኮንን መነጽር ብዙ ጊዜ 6×30፣ የባሕረኛው 7×50 ነበር። ሕይወቱ በማየት ላይ የተመሠረተው ወታደር እንኳ ስድስትና ሰባት ሲበቃው፣ እሑድ እሑድ ዝይ የምናይ እኛ ሃያ ካልሆነ ሞተን እንገኛለን!

ስሙ ሌላም ጉዳት አለው። አንድ ማለዳ ጫካ ዳር ቆሜ ስመለከት አንድ ጥበቃ መጥቶ «ምን ትሰልላለህ?» አለኝ። ወፍ እያየሁ ነው አልኩት። ሳቀ። መነጽሩን ሰጠሁትና ዛፉን አሳየሁት፤ ረጅም ጊዜ አየ፣ ፊቱም በራ። ሲመልስልኝ የጠየቀኝን ገምቱ።

ጥበቃውስ ሥራው ነው። ያስቀየመኝ የገዛ ወገኔ ነው። አንድ ገጣሚ ወዳጄ ይህን ሁሉ ሒሳብ ሰምቶ ሲያበቃ «ገጣሚ የሚያየው በልቡ ዓይን ነው፤ ብርጭቆ ምን ያደርግለታል?» አለኝ። አባባሉ ያምራል። እኔም በሃያዎቹ ዕድሜዬ አምኜበት እንዲህ የሚል ጽፌ ነበር፤

አንዲት ወፍ ዘመረች ከዛፉ ጫፍ ላይ፣
ልቤም ክንፍ አወጣ ሊያርግ ከሰማይ።

የትኛዋ ወፍ? ምን ዐይነት ዛፍ? ምን ብላ ዘመረች? የልቤ ዓይን አልነገረኝም፤ ምክንያቱም አላየም። በየቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ የምትሰፍረውን እርግብ እንውሰድ። በግጥሞቻችን ውስጥ ሁሉ «እርግብ» ናት፤ የሰላም ምልክት፣ ነጭ። በ8×42 ስናያት ግን ከእነዚያ እርግቦች መካከል ግራጫ ሆና ማጅራቷ ላይ ነጭ ዐንገትጌ የመሰለ ምልክት ያላት ትገኛለች፤ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር በዓለም ላይ የለችም። የልብ ዓይን ነጭ የቀባት የእኛዋን ግራጫ ነው።

ሌላም ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1990 ከካምብሪጅ የመጡ አጥኚዎች በነጭ ሳር ሜዳ መንገድ ላይ በመኪና የተዳጠች፣ በጨለማ ነፍሳት የምታድን ወፍ አገኙ። ሊተርፍ የቻለው አንድ ክንፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 በዚያች ክንፍ ብቻ አዲስ ዝርያ ተብላ ተመዘገበች፤ የላቲን ስሟም «ሶላላ»፣ ብቸኛ ክንፍ፣ ተባለ። ይህን ስም ያወጣው የአራዊት አጥኚ ነው፤ ባለቅኔ አይደለም። እኛ ባለቅኔዎች ያን ጊዜ ስለ ወፍ እየጻፍን ነበር፤ ስለ የትኛዋ እንደሆነ ግን ማንም አያውቅም። ወዳጄ የልቡን ዓይን ይዞ ይቆይ፤ ቅናት አይደለም። ግን ለዚያ ዓይን የሚያቀብለው ነገር ከየት ይመጣል?

የሁለት ወር ደመወዝ አጠራቅሜ ባለፈው ዓመት 8×42 ገዛሁ። አባቴን ብዙ ጊዜ ለመንኋቸው። «አንተ ተጠቀምበት፤ እኔ ላይ አታባክነው» ይላሉ። ክርክሩን ትቼ በመስኮቱ አጠገብ፣ ግቢው ውስጥ ያለው የጥድ ዛፍ በሚታይበት በኩል፣ ጠረጴዛው ላይ አኖርሁት። የቀኙን ቀለበት ለእኔ ዓይን ባለበት ትቼዋለሁ።

ባለፈው እሑድ ሳነሣው ቀለበቱ ሁለት ጭረት ያህል ወደ ግራ ዞሮ ነበር።