ሃምሳው ሎሚና ኢ-ርቱዕ ወደር

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ አበው። ብሂሉ የሚነገረው ስለ መተባበር ጥቅም ቢሆንም አንድ የሒሳብ ጽንሰ ሐሳብም በውስጡ ይዟል። ተሸካሚዎቹ 2 ቢሆኑ ለእያንዳንዳቸው 25፣ 5 ቢሆኑ 10፣ 10 ቢሆኑ ደግሞ 5 ሎሚ ይደርሳቸዋል። የሰዎቹ ቁጥር ለአንዱ በሚደርሰው ሎሚ ሲባዛ ውጤቱ ምንጊዜም 50 ነው። ኢ-ርቱዕ ወደር የሚባለውም ይኸው ነው።

ይሁን እንጂ ስለ ኢ-ርቱዕ ወደር ተማሪዎችን ስንጠይቅ ብዙ ጊዜ የምናገኘው መልስ «አንዱ ሲጨምር ሌላው ይቀንሳል» የሚል ነው። ይህ መልስ በእኛ አስተያየት ግማሽ እውነት ነው፤ ግማሽ እውነት ደግሞ በሒሳብ ዘንድ ከስሕተት ብዙም አይሻልም። 20 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ሻማ በየሰዓቱ 2 ሴንቲ ሜትር እየነደደ ያልቃል እንበል። ከ2 ሰዓት በኋላ 16፣ ከ4 ሰዓት በኋላ 12 ሴንቲ ሜትር ይቀረዋል። ጊዜው ሲጨምር ርዝመቱ ቀንሷል፤ ነገር ግን ጊዜው እጥፍ ሲሆን ርዝመቱ ግማሽ አልሆነም። የሁለቱ ብዜትም ከ32 ወደ 48 ተለውጧል። ስለዚህ ዝምድናው ኢ-ርቱዕ ወደር አይደለም። መለያው የብዜቱ አለመለወጥ ነውና።

ይህ ልዩነት ከፈተና ነጥብ ያለፈ ትርጉም አለው። ከአዲስ አበባ እስከ አዳማ ያለው መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አንድ አሽከርካሪ ፍጥነቱን በሰዓት ከ40 ወደ 60 ኪሎ ሜትር ቢያሳድግ ጉዞው ከ150 ወደ 100 ደቂቃ ስለሚያጥር 50 ደቂቃ ያተርፋል። ከ100 ወደ 120 ቢያሳድግ ግን ትርፉ 10 ደቂቃ ብቻ ነው። የተጨመረው ፍጥነት በሁለቱም ጊዜ 20 ኪሎ ሜትር ነው። በሌላ በኩል የመኪናው የእንቅስቃሴ ጉልበት የሚያድገው ከፍጥነቱ ስኩዌር ጋር በመሆኑ፣ ለዚያች 10 ደቂቃ ሲባል በግጭት ጊዜ የሚደርሰው ጉልበት በ44 በመቶ ይጨምራል። «ፍጥነት ሲጨምር ጊዜ ይቀንሳል» የሚለውን ብቻ የያዘ ሰው ይህን ሊያይ አይችልም።

ብዜቱ የሚጸናበትን ሁኔታ ማወቅም ያስፈልጋል። ሮበርት ቦይል በ1662 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ሕግ የሚሠራው የጋዙ መጠንና ሙቀት ሳይለወጡ ሲቀሩ ነው። በመማሪያ መጻሕፍት የተለመደው የሠራተኞች ጥያቄም ገደብ አለው። 12 ሠራተኞች በ10 ቀን የሚቆፍሩትን ቦይ 24 ሠራተኞች በ5 ቀን ይጨርሱት ይሆናል፤ 1,200 ሠራተኞች ግን ቦዩ ዘንድ መቆሚያ እንኳ አያገኙም።

ስለዚህ መምህራን ከሠራተኞቹ ጥያቄ ጎን የሻማውን ዓይነት ጥያቄ እንዲያቀርቡ፣ ተማሪዎችም ቀመሩን ከመጻፋቸው በፊት «ብዜቱ በእርግጥ አይለወጥም? እንዳይለወጥስ ምን ምን ባለበት መቆየት አለበት?» ብለው እንዲጠይቁ እናሳስባለን።