ፈረንጁንም እድር አስገቡት

ከአዲስ አበባ በአምቦ መንገድ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ጊንጪ ላይ ቤት የሚከራዩ የውጭ አገር መምህራንና የእርዳታ ሠራተኞች ባህል ማየት ሲያምራቸው ቀድሞ የሚታሰባቸው ሠርግ ነው። እኛም እናባብሰዋለን፤ እንግዳውን ከሙሽሮቹ አጠገብ እናስቀምጠዋለን፣ ጭኮውን እናበዛለታለን፣ ትከሻውን ሲነቀንቅ ከበን እናጨበጭባለን። ደስ ይላል፤ ሰውዬው ግን አይቶ የሚሄደው እንግዳ አቀባበላችንን ብቻ ነው። ኑሯችንን የሚያውቀው ለቅሶ ቤት ሲውል ነው። እዚያ ድንኳን የሚተክል፣ አግዳሚ ወንበር የሚሸከም፣ አስከሬን የሚሸኝ ሰው ጭብጨባ አያገኝም፤ የቀረ ግን በስሙ ይታወቃል። ጊዜ ያጥራቸዋል የሚል ካለ ያለፈውን ያስታውስ፤ የአሜሪካ ሰላም ጓድ በ1955 ዓ.ም. መጀመሪያ ገደማ ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ ከመጡት ወጣቶች አንዱ፣ ኋላ ሴናተር የሆነው ፖል ሶንጋስ፣ ወሊሶ ላይ አስተምሯል። የወጣቶቹ የአገልግሎት ዘመን ሁለት ዓመት ነበር፤ ሁለት ዓመት ደግሞ (ክፉ አያሰማን እንጂ) ጎረቤት ለመቅበር ይበቃል። ቋንቋውም ቢሆን፣ የዛሬዎቹ እንግዶች አዲስ አበባ የተማሩት አማርኛ ገበያ ያደርስ ይሆናል፤ የጊንጪ ሐዘንተኛ እናት የምታለቅሰው ግን በኦሮምኛ ነውና እሱንም ይማሩ። የእድር ዳኞች ሆይ፣ በሚቀጥለው ስብሰባችሁ ሰፈር የገባውን ፈረንጅ መዝግቡት፤ ወርሃዊ መዋጮውን ይክፈል፣ ከቀብር ከቀረም እንደማንኛችን ይቀጣ።