በሕግ አምላክ የተመለሰው ባቡር

አንባቢ ሆይ፤ በመዝገብ ቤት አቧራ የለበሰ አሮጌ አዋጅ ምን ይጠቅማል ብለህ ጠይቀህ ታውቃለህን? በዛሬው ዓምዳችን አንድ ያረጀ ወረቀት በእንግሊዝ አገር የቆመ ባቡር እንዴት እንዳስነሣ፤ ወረቀቱ ብቻውን ግን ለምን እንዳልበቃ እናጫውትሃለን። ዓመቶቹን የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ከለንደን በስተደቡብ ሳሴክስ የሚባል አውራጃ አለ። በዚያ በሉዊስና በኢስት ግሪንስቴድ ከተሞች መካከል የምድር ባቡር እንዲሠራ የአገሩ ባለርስቶች በ1877 ከፓርላማ ፈቃድ አገኙ። በ1878 ሥራውን አንድ ታላቅ የባቡር ኩባንያ ተረከበ፤ መሥመሩም ኦገስት 1 ቀን 1882 ተከፈተ።

ዳሩ ግን ትርፉ ብዙ አልነበረም። ከጣቢያዎቹ አንዳንዶቹ ስማቸውን ከወሰዱበት መንደር ራቅ ያሉ ነበሩ። ስለዚህ የብሪታንያ ምድር ባቡር መሥሪያ ቤት መሥመሩ ከጁን 13 ቀን 1955 ጀምሮ እንዲዘጋ ወሰነ። ባቡር ነጂዎች የሥራ ማቆም አድማ ስላደረጉም የመጨረሻው ባቡር ቀኑ ሳይደርስ ሜይ 28 ሄደ።

ነገሩ በዚህ ባለቀ ነበር። ነገር ግን በቼይሊ መንደር የሚኖሩ ማጅ ቤሰመር የሚባሉ ወይዘሪት የ1877ንና የ1878ን አዋጆች አገላብጠው መረመሩ። ከዚያም ውስጥ አንድ አንቀጽ አገኙ፤ ይኸውም በየቀኑ አራት የመንገደኛ ባቡሮች በመሥመሩ ላይ ወዲያና ወዲህ እንዲመላለሱ፤ በስም በተጠቀሱትም ጣቢያዎች እንዲቆሙ የሚያዝ ነው። አንቀጹን የሻረ ሌላ ሕግ አልነበረም። እኛ አገር ሰው የበደለውን «በሕግ አምላክ!» ብሎ እንደሚያቆም ሁሉ፤ ወይዘሪቷም ታላቁን መሥሪያ ቤት በሕግ አምላክ ብለው ያዙት። ባቡሩ ኦገስት 7 ቀን 1956 ተመለሰ።

አሁን ልብ ብለህ ተመልከት። መሥሪያ ቤቱ ሕጉን ፈጸመ፤ ግን እንዴት አድርጎ? አራት ባቡሮች ተብሏልና ከአራት አላስበለጠም። ሰዓታቸውም ለሠራተኛ የማይመች ነበር። የባርኮምና የኪንግስኮት ጣቢያዎች በአዋጁ ውስጥ ስማቸው ስላልተጻፈ ባቡሩ ሳይቆም ያልፋቸው ነበር። ከዚህም የተነሣ «ያኮረፈው ባቡር» የሚል ስም ወጣለት። በቢሮ የምትውል ከሆንህ ይህን ዓይነት አሠራር ሳታውቀው አትቀርም፤ ፊደሉን ጠብቆ መንፈሱን መግደል ማለት ይህ ነው። መሥሪያ ቤቱ ጉዳዩን ወደ ፓርላማ አቅርቦ ግዴታውን አሻረ፤ ማርች 16 ቀን 1958ም የመጨረሻው ባቡር ሄደ።

ከዚህ በኋላ ተማሪዎች የሚገኙባቸው ጥቂት ወጣቶች ተነሡ። እነዚህስ የሚጠቅሱት አዋጅ አልነበራቸውም። ማርች 15 ቀን 1959 በሄይዋርድስ ሂት ከተማ ስብሰባ ጠርተው ማኅበር አቋቋሙ። አሳባቸው መሥመሩን በሙሉ ለማዳን ነበር፤ ገንዘብ ግን አልበቃቸውም። ስለዚህ ከሼፊልድ ፓርክ ተነሥቶ ሆርስቴድ ኬይንስ አጠገብ በሚደርሰው ቁራጭ ረኩ። በ1875 የተሠራችውን ስቴፕኒ የምትባል የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ከሁለት ፉርጎዎች ጋራ ገዙ። በመሥመሩ ዳር በፀደይ ከሚያብበው ደወል መሳይ ሰማያዊ አበባ ወስደውም ባቡራቸውን «ብሉቤል» አሉት። ኦገስት 7 ቀን 1960፤ ያኮረፈው ባቡር በተመለሰ ልክ በአራተኛው ዓመት፤ መንገደኛ ጭነው ሄዱ። በመድረሻው ሎኮሞቲቩን ወደ ሌላው ጫፍ የሚያዞሩበት ሐዲድ ስላልነበራቸው አንዱን ከፊት፤ አንዱን ከኋላ አስረው ነበር።

የቀረው ሐዲድ ግን ተነቀለ። በኢስት ግሪንስቴድ አጠገብ ለባቡሩ ተቆፍሮ የነበረው መተላለፊያም የከተማ ጥራጊ ተደፋበትና ሞላ። ማኅበርተኞቹ መዋጮ እየሰበሰቡ ሐዲዱን እንደገና ዘረጉ። በ1994 አዋጁ የዘነጋት ኪንግስኮት ደረሱ። ከዚያም ያን ሁሉ ጥራጊ አስወጥተው ማርች 23 ቀን 2013 ኢስት ግሪንስቴድ ገቡ። ዛሬ መሥመሩ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከሠራተኞቹም ብዙዎቹ ያለ ደመወዝ በፈቃዳቸው የሚያገለግሉ ናቸው።

እርግጥ ነው፤ ዛሬ በብሉቤል የሚሳፈረው አብዛኛው ጎብኚ ነው። ማለዳ ወደ ሥራ ሊሄድበት የሚፈልገው የመንደር ሰው ባቡሩን አላገኘም፤ ወይዘሪት ቤሰመር የተሟገቱለት አገልግሎት በ1958 እንደ ቀረ ቀርቷል። ወጣቶቹ ያዳኑት ሐዲዱን ነው፤ ይህም ትንሽ ነገር አይደለም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ ነገ ከጠረጴዛህ ላይ አንድ አሮጌ አንቀጽ ቢቀርብልህ፤ አስቀድመህ እስከ መጨረሻው አንብበው፤ ወይዘሪቷ ያደረጉት ይህንኑ ነውና። ቀጥሎም ለማን ጥቅም እንደ ተጻፈ ጠይቅ። አራት ባቡር መላክ ቀላል ነው፤ ሰው ሊሳፈርበት በሚችልበት ሰዓት መላኩ ግን የሠራተኛው ፈንታ ነው።