ውሃ ሁሉ አንድ ስም ሲወጣለት

እኩዮቼ፣ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ዝናቡ አምስት ወቅት ተከታትሎ ሲቀር ከብታችን አልቆ ከተማችን ዱብሉቅ በተፈናቃይ ሸራ የተሞላችበትን ዘመን ገና አልረሳነውም። እኔን ግን ከዚያም በላይ እንቅልፍ የሚነሳኝ፣ የልጅ ልጄ ጉድጓዱን ኤላንም፣ ኩሬውን ሃሮንም፣ ቦቴ ያመጣውንም በአንድ ስም «ውሃ» ብሎ ሲጠራ መስማቴ ነው።

አባቶቻችን ለውሃ ስም ሲያወጡ ሕግ እያወጡ ነበር። ዝናብ መሬት ላይ ያቆረው ለመጣ ሁሉ ነው፤ ሰው የቆፈረው ሃሮ ግን ኃላፊ አባት አለው። ሰው ከሰው በላይ ቆሞ እየዘፈነ ከጥልቁ የሚቀዳው ኤላ፣ ቱላ፣ ደግሞ አባ ኮንፊ የሚባል ባለቤት አለው፣ ጎሳ አለው፣ የመጠጫውን ተራ የሚጠብቅ አባ ሄሬጋ አለው፤ ጭቃውን ያልጠረገ፣ ገንዳውን ያልለሰነ፣ ተራ ሲጠይቅ አንገቱን ይደፋል። ለተጠማ መንገደኛ ግን የተነፈገ ውሃ አላየሁም።

የመንግሥት ሕግም ልዩነቱን ጨርሶ አልጣለውም። አዋጅ ቁጥር 197/1992 የአገሪቱን ውሃ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት ብሎ ሲደነግግ፣ በእጅ የተቆፈረን ጉድጓድና በባህላዊ መንገድ ከብት ማርባትን ከፈቃድ ነጻ አድርጎ ትቶልናል። ነገር ግን ፈቃድ የማያሻው ኤላ የማን እንደሆነ፣ ተራው እንዴት እንደሚሄድ የምናውቀው እኛ ነን፤ እኛ ዝም ብለን ካለፍን የሚናገርልን የለም።

ዝም ማለት የሚያመጣውን አይቻለሁ፤ በጎልማሳነቴ አንድ የሞተር ጉድጓድ ተቆፍሮ ሁላችንም እልል አልን፤ ጥማችንን ቆርጦልናልና ደስታችን ያለ ምክንያት አልነበረም። አባት ግን አልሰየምንለትም። የየአገሩ መንጋ እላዩ ላይ ሰፈረ፣ በዙሪያው ያለው ሣር አለቀ፣ ወንድማማች በውሃ ዳር ዱላ ተማዘዘ፤ ሞተሩ በበጋው እኩሌታ ሲሰበር ወደ ቱላችን ብንመለስ፣ ለዓመታት ማንም ያልጠረገው ደለል አፉን ይዞት አገኘነው። ያን በጋ የቀበርኩትን ጥጃ ብዛት ዛሬም መቁጠር አልወድም።

አሁንም ያንኑ መንገድ ስንጀምር አያለሁ፤ በኤላው አቅራቢያ አጥር ይታጠራል፣ የጠረጋው ቀን ሲደርስ ልጆቻችን ከተማ ናቸው፣ እኛም ዝም ብለን እናልፋለን። ሆኖም ተራ የሚያውቁ ሽማግሌዎች ገና በሕይወት አሉ፣ በጉባኤያችን በጉሚ ጋዮም በየስምንት ዓመቱ ሕግ ይሰማል። በሚቀጥለው የኤላ ኮራ ሸንጎ ስንቀመጥ፣ እያንዳንዳችን አንድ ልጅ ከጎናችን እናስቀምጥ፤ የቱላውንና የሃሮውን አባት በስም ይስማ፣ ለሞተሩም ጉድጓድ እዚያው አባ ሄሬጋ እንምረጥለት።